የመሀል ከተማ ነጋዴዎች ማኅበር፦ ማን ይከፍላል? ማንስ ድምፅ ይሰጣል?

በአንድ የንግድ መንገድ ግራና ቀኝ 120 ሱቆች አሉ እንበል። ነጋዴዎቹ መንገዱ በየቀኑ ይጸዳ፣ መብራት ይግባለት፣ ሌሊት ጥበቃ ይኑረው፣ በበዓል ሰሞን ገዢ የሚስብ ዝግጅት ይደረግ ብለው ይስማማሉ። ለዚህ ሁሉ በዓመት 300,000 ዶላር ያስፈልጋል። ለ120 ሲካፈል ለእያንዳንዱ 2,500 ዶላር ይደርሰዋል። ሥራው ሲጀመር ግን 50ዎቹ “ዘንድሮ ገበያው ቀዝቅዟል” ብለው መዋጮውን አይከፍሉም። ወጪው አይቀንስምና የቀሩት 70 ነጋዴዎች ድርሻ ወደ 4,286 ዶላር ከፍ ይላል። ጥበቃው ያልከፈለውን ሱቅ እየዘለለ አይጠብቅም፤ መብራቱም ለከፋይ ብቻ አይበራም። በሚቀጥለው ዓመት ከ70ዎቹ መካከል አንዳንዶቹ ሒሳባቸውን ያሰሉና “ታዲያ እኔ ብቻ ለምን?” ይላሉ። በሦስተኛው ዓመት የማኅበሩ ማኅተምና የሊቀመንበሩ ስም ብቻ ይቀራል።

ቁጥሮቹን ለአብነት ያህል ያስቀመጥናቸው እኛ ነን። ታሪኩን ግን በፈቃደኞች መዋጮ መንገዱን ለማሳመር የሞከረ የነጋዴ ማኅበር ሁሉ ያውቀዋል። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው ብሂል የሚሠራው ሃምሳውም ሰው ሎሚውን ሲያነሣ ነው። ሃያው እጁን ኪሱ ከትቶ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ጌጡ ተመልሶ ሸክም ይሆናል። የኢኮኖሚክስ ትምህርት ይህን ሳይከፍሉ የመጠቀም ችግር ይለዋል።

የመሀል ከተማ ነጋዴዎች ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ የንግድ አካባቢ ማሻሻያ ማኅበር ይባላል። ይኸውም በተከለለ የንግድ ቀጣና ውስጥ ያሉ ሁሉ በሕግ ተገደው የሚያዋጡበት፣ ገንዘቡንም ማዘጋጃ ቤቱ ሰብስቦ ለማኅበሩ የሚያስረክብበት አሠራር ነው። በአሁኑ ወቅት በኒውዮርክ ከተማ ብቻ ከ70 በላይ፣ በቶሮንቶ ደግሞ ከ80 በላይ እንዲህ ያሉ ማኅበራት አሉ። በአፍሪካም የኬፕ ታውን መሀል ከተማ ከ2000 ጀምሮ በተመሳሳይ አሠራር ተጨማሪ ጽዳትና ጥበቃ ያገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ማኅበሩን ማቋቋም ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ማስተዳደሩ ነው፤ በተለይም ገንዘቡን የሚከፍለውና በገንዘቡ ላይ የሚወስነው የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ።

ከባቡሩ በላይ የቀረ መንገድ

ነገሩ የተጀመረው በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ብሉር በሚባለው መንገድ ምዕራባዊ ክፍል ነው። በዚያ መንገድ ላይ የነበሩ ነጋዴዎች በ1960ዎቹ ሁለት ዱላ በተከታታይ አረፈባቸው። በ1964 ዮርክዴል የተባለው ትልቅ የገበያ ማዕከል ጣሪያ ለብሶ፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ይዞ ተከፈተ። ከ1966 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ደግሞ የምድር ውስጥ ባቡር ተዘረጋና በመንገዱ ላይ ይመላለስ የነበረው ትራም ቀረ። ቀድሞ በትራም መስኮት የሱቆቹን መስታወት እያየ የሚወርደው ገዢ ከዚያ ወዲያ ከነጋዴዎቹ እግር ሥር በጨለማ ማለፍ ጀመረ።

የገበያ ማዕከል ብልጫው በዕቃው ብቻ አይደለም። ማዕከሉ አንድ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ለጽዳት፣ ለጥበቃ፣ ለመብራትና ለማስታወቂያ የሚወጣውን ገንዘብ ከኪራዩ ጋር አስልቶ ከተከራዮቹ ሁሉ ይቀበላል። አልከፍልም የሚል ተከራይ ሱቁን ይለቃል። መርካቶ ውስጥ በጋራ ሕንፃ ሱቅ ያለው አንባቢያችን ይህን አሠራር አሳምሮ ያውቀዋል። የሕንፃው አስተዳደር የጥበቃና የጽዳት ድርሻውን ሲጠይቀው ይከፍላል እንጂ “የእኔን በር አትጥረጉ” አይልም። ከሕንፃው ወጥቶ መንገዱ ላይ ሲቆም ግን የሚጠይቀው የለም። መንገድ ባለቤቱ ብዙ ነው፤ ስለዚህም ባለቤት የለውም።

የብሉር ነጋዴዎችም በፈቃደኝነት የተመሠረተ ማኅበር ነበራቸው፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ከፋዩና ተጠቃሚው አልመጣጠን አላቸው። በመሆኑም ልክ እንደ ገበያ ማዕከሉ ሁሉም የሚከፍልበት ሥርዓት እንዲፈቀድላቸው ባለሥልጣናቱን ጠየቁ። የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሕጉን አወጣ፤ በ1970ም ብሉር ዌስት ቪሌጅ የተባለው ማኅበር በዓለም የመጀመሪያው ሆኖ ተቋቋመ። መብራት፣ የመቀመጫ ወንበሮች፣ የአበባ ማስቀመጫዎችና የገና ማስጌጫ ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ መካከል ነበሩ። አሠራሩ ብዙም ሳይቆይ ድንበር ተሻግሮ በ1974 በወጣ ሕግ የአሜሪካዋ ኒው ኦርሊንስ መሀል ከተማ ደረሰ።

ሒሳቡ እንዴት ይሠራል?

ማኅበሩ በመጀመሪያ የዓመቱን ባጀት ያዘጋጃል። ባጀቱ ለአባላት ስብሰባ ይቀርባል፤ ከዚያም የከተማው ምክር ቤት ያጸድቀዋል። ማዘጋጃ ቤቱ የጸደቀውን ገንዘብ በቀጣናው ባሉ የንግድ ሕንፃዎች ላይ እንደ ግምት ዋጋቸው ያከፋፍልና ከንብረት ግብር ጋር አብሮ ይሰበስባል። የማይከፍል ሰው ግብር እንዳልከፈለ ይቆጠራል። የማኅበሩ ጉልበት በሙሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሊቀመንበሩ በየሱቁ እየዞረ መለመን አይጠበቅበትም።

ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። የመንገዱ ሕንፃዎች ጠቅላላ የግምት ዋጋ 200 ሚሊዮን ዶላር ቢሆን የ300,000 ዶላሩ ባጀት ከዚህ ላይ 0.15 በመቶ ይሆናል። ሁለት ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ሕንፃ በዓመት 3,000 ዶላር ይከፍላል። በሕንፃው ውስጥ እኩል ስፋት ያላቸው አራት ሱቆች ካሉና ባለቤቱ መዋጮውን ወደ ተከራዮቹ ካስተላለፈ እያንዳንዱ ሱቅ 750 ዶላር ይደርሰዋል። በመግቢያችን ካየነው ከ4,286 ዶላሩ ጋር ሲነጻጸር ለአነስተኛው ነጋዴ ግዴታው ከውዴታው እንደሚረክስ ልብ ይሏል። ትልልቆቹ ሕንፃዎች አምልጠው መሄድ ስለማይችሉ ትልቁን ድርሻ እነሱ ይሸከማሉ።

በዚህ ሒሳብ ውስጥ ጀማሪ ማኅበራት የሚዘነጉት አንድ ጉዳይ አለ። የሕንፃ ባለቤቶች የግብር ግምታቸው በዝቶብናል ብለው ይግባኝ ይላሉ፤ ከተረታላቸውም ግብሩ ወደኋላ ተመልሶ ይቀነሳል፤ መዋጮውም አብሮ። ባለፈው ዓመት ለአበባና ለመብራት የወጣ ገንዘብ ዘንድሮ “መልሱ” ይባላል። ስለዚህ ጠንቃቃ ገንዘብ ያዥ ከባጀቱ ላይ ለዚህ የሚሆን መጠባበቂያ ሳይለይ አያድርም።

ባለቤቱና ተከራዩ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በምሳሌያችን 3,000 ዶላሩን ለማዘጋጃ ቤቱ የከፈለው የሕንፃው ባለቤት ነው። ከኪሱ ያወጡት ግን አራቱ ባለሱቆች ናቸው። ታዲያ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ እጅ የሚያወጣው ማነው?

መልሱ እንደየሀገሩ ይለያያል። በኦንታሪዮ ሕግ በቀጣናው ያለ የንግድ ንብረት ባለቤትም ሆነ ተከራይ አባል ነው። አሥር ሕንፃ ያለውም፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ የተከራየውም አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። ማኅበሩ ሊቋቋም ሲል ማስታወቂያ የሚደርሰው ባለቤት ግብሩን ለሚጋሩት ተከራዮቹ ቅጂውን በ30 ቀን ውስጥ ማድረስ ይኖርበታል። ተቃዋሚዎቹ በቁጥር ከአባላቱ ሲሶ፣ በሚከፍሉት ግብርም ከጠቅላላው ሲሶ ከሞሉ ጉዳዩ ይቆማል።

ኒውዮርክ ከዚህ ይለያል። እዚያ ዋነኛው ሰው ባለንብረቱ ነው። ከንብረት ባለቤቶቹ 51 በመቶው፣ ወይም ከግምት ዋጋው 51 በመቶውን የያዙት ካልተቃወሙ ከተማው ማኅበሩን ሊያቋቁም ይችላል። በቦርዱ ውስጥ ለነጋዴ ተከራዮች፣ ለነዋሪዎችና ለከተማው ባለሥልጣናት መቀመጫ አለ፤ አብላጫው ግን የባለንብረቶቹ ነው። ይህ አሠራር በፍርድ ቤት ተፈትኗል። በግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ ዙሪያ የሚኖሩ ሰዎች “አንድ ሰው አንድ ድምፅ” የሚለው የሕገ መንግሥት መርህ ተጥሷል ብለው ከሰው ነበር። የይግባኝ ሰሚው የፌዴራል ፍርድ ቤት በ1998 ማኅበሩ ሥራው የተወሰነ በመሆኑና ሸክሙ በይበልጥ በባለንብረቶች ላይ ስለሚያርፍ ብልጫ ድምፅ ቢኖራቸው ሕግ አይጥስም ሲል ወሰነ።

እንግሊዞች ዘግይተው ገቡበትና ነገሩን ገለበጡት። በ2003 ባወጡት ሕግ መሠረት የሚከፍለውም ድምፅ የሚሰጠውም የንግድ ቤቱን ይዞ የሚሠራበት ሰው ነው፤ ባለቤትም ይሁን ተከራይ። ሐሳቡ የሚያልፈው ድምፅ ከሰጡት መካከል በቁጥርም፣ በተገመተው የኪራይ ዋጋም አብላጫ ሲገኝ ነው። ሁለቱ መመዘኛዎች መኖራቸው ብልህነት ነው። ትልልቆቹ መደብሮች ትንንሾቹን በገንዘብ፣ ትንንሾቹም ትልልቆቹን በቁጥር እንዳይውጧቸው ይከላከላል። በዚያ ላይ የማኅበሩ ዕድሜ ከአምስት ዓመት አይበልጥም፤ ለመቀጠል እንደገና ድምፅ ማግኘት አለበት።

የዋሽንግተን ዲሲው አዳምስ ሞርጋን ለብዙ አንባቢያችን አዲስ ስም አይደለም። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የሀገራችን ሰዎች በ18ኛው መንገድ ላይ ምግብ ቤት እየከፈቱ ሰፈሩን ከእንጀራ ጋር አስተዋውቀውታል። በ2005 በሰፈሩ የማሻሻያ ማኅበር ተቋቋመ። በዲሲም መዋጮው የሚጠየቀው የንግድ ንብረቱ ባለቤት ነው። ይሁንና በአሜሪካ የንግድ ቤት ኪራይ ውሎች ዘንድ የተለመደው ተከራዩ ከኪራዩ በላይ የሕንፃውን ግብር፣ ኢንሹራንስና ጥገና ድርሻ እንዲከፍል ማድረግ ነው። መዋጮውም ከግብሩ ጋር ተጠቅልሎ ወደ ምግብ ቤቱ ባለቤት ይወርዳል። ሰውዬው በዓመቱ መጨረሻ ከአከራዩ በሚደርሰው የሒሳብ ወረቀት ላይ አንዲት መስመር ሆና ያያታል፤ ምንነቷን የማይጠይቅም ብዙ ነው።

በእኔ ግምት የእነዚህ ማኅበራት ትልቁ ስንጥቅ ይህ ነው። ባለቤቱ ከመንገዱ መሻሻል የሚያገኘው ጥቅም ሁለት ነው፤ የሕንፃው ዋጋ ይጨምራል፣ ኪራዩም ይጨምራል። ተከራዩ የሚያገኘው የገዢ ብዛት ነው፤ እሱም ውሉ እስኪያልቅ ድረስ ብቻ። ውሉ ሲታደስ መንገዱ አምሯልና ኪራይ ይጨመርበታል፤ እሱው ባዋጣው ገንዘብ ባማረ መንገድ። አዳምስ ሞርጋን ላይ ኪራይ እየከበደ ሲሄድ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ማዕከል ወደ ዩ ስትሪትና 9ኛው መንገድ፣ ከዚያም ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተሸጋግሯል። ይህን በማኅበሩ ላይ ማላከክ አይቻልም፤ መላው ከተማ ተወድዷል። ነገር ግን ተከራዩ ድምፅ ባለው ማኅበር ውስጥ ቢያንስ “ለአበባ የምናወጣውን እናስታግስ” የሚል ሰው ይኖራል።

ሥራ አስኪያጁ ምን ይሠራል?

ጥሩ ሥራ አስኪያጅ ከሁሉ በፊት የሚሠራው ወረቀት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በአሁኑ ጊዜ በመንገዱ ላይ ምን እንደሚሠራ፣ ጠራጊው በሳምንት ስንቴ እንደሚመጣ፣ ቆሻሻው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ፣ ፖሊስ ስንቴ እንደሚያልፍ ጽፎ ከከተማው ጋር ይፈራረማል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማኅበሩ ጠራጊ ሲቀጥር ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን ጠራጊ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ሰፈር ያዛውራል። ያኔ ነጋዴው ለአንድ መጥረጊያ ሁለቴ መክፈሉ ነው። የማኅበሩ ሥራ ተጨማሪ እንጂ ምትክ መሆን የለበትም የሚለው ደንብ በየሀገሩ የሚደጋገመው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ዕለታዊ ትግል ነው። የተቃጠለ አምፖል፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ፣ የተሰበረ ወንበር በ24 ሰዓት ውስጥ ካልተስተካከለ አባላቱ ማኅበር እንዳላቸው ይረሳሉ። ጽዳትና ጥበቃ በአብዛኞቹ ዘንድ ዋነኛ ወጪ የሚሆነውም በዓይን ስለሚታይ ጭምር ነው። ጠቡ የሚነሣው በማስታወቂያና በበዓል ዝግጅት ላይ ነው። መንገዱ ለአንድ ቀን ለተሽከርካሪ ተዘግቶ ዝግጅት ሲደረግ ምግብ ቤቶቹና ካፌዎቹ የሳምንቱን ገበያ በአንድ ቀን ይሸጣሉ። ጫማ ሻጩና የዓይን መነጽር ሠሪው ደግሞ የቅዳሜ ደንበኞቻቸውን ያጣሉ። በጎን ባለው መንገድ ላይ ያለው ባለሱቅ እኩል መጣኔ እየከፈለ አበባው ሁሉ ዋናው መንገድ ላይ ተተክሎ ያያል። ሥራ አስኪያጁ የሚለካው እነዚህን ሰዎች በስም እያወቀ ቅሬታቸውን ከስብሰባ በፊት በመስማቱ ነው።

አንዳንዶች ከመዋጮ ባሻገር ገቢ አግኝተዋል። የኒውዮርኩ ብራያንት ፓርክ በ1970ዎቹ የአደንዛዥ ዕፅ ሻጮች መናኸሪያ ነበር። በ1980 የተቋቋመው ድርጅት ፓርኩን በ1988 ዘግቶ አደሰውና በ1992 አስመረቀው። የከተሞች ተመራማሪው ዊልያም ኋይት በመከረው መሠረት ከመንገድ የሚጋርዱት አጥሮች ተነሡ፣ መግቢያዎቹ ሰፉ፤ ሰው እንዳሻው የሚያንቀሳቅሳቸው ወንበሮችም ገቡ። ወንበር ይሰረቃል የሚል ሥጋት ነበር፤ ፓርኩ ግን ዛሬም በእነዚያው ወንበሮች ይታወቃል። ድርጅቱ በአሁኑ ወቅት ከምግብ ቤት ኪራይ፣ ከክረምት ገበያና ከስፖንሰር በሚያገኘው ገቢ ፓርኩን ያለ ከተማው ገንዘብ ያስተዳድራል። መሬቱ ግን የሕዝብ ነውና ኪራይ የሚከፈልበት ድንኳን በበዛ ቁጥር “ፓርኩ የማነው?” የሚል ጥያቄ አይቀርም።

1998 በግራንድ ሴንትራል

ማኅበር ሲያድግ ምን እንደሚገጥመው ለማየት ከግራንድ ሴንትራል የተሻለ ምሳሌ የለም። ማኅበሩ በ1980ዎቹ ተቋቁሞ የጣቢያውን ዙሪያ ገጽታ የለወጠ፣ በትልልቅ የቢሮ ሕንፃዎች መዋጮ የጠነከረ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ዳን ቢደርማን በአንድ ጊዜ ግራንድ ሴንትራልን፣ ብራያንት ፓርክንና የ34ኛውን መንገድ ማኅበር ይመሩ ነበር። ማኅበሩ ቤት ለሌላቸው ሰዎች የሥራ ልምምድ የሚል ፕሮግራም ጀመረ። ሰዎቹ ጽዳትና ጥበቃ ይሠሩ ነበር፤ ይከፈላቸው የነበረው በሰዓት ከአንድ ዶላር ጀምሮ ነው። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ሄደና ዳኛ ሶንያ ሶቶማዮር፣ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት፣ በ1998 እነዚህ ሰዎች ተለማማጅ ሳይሆኑ ሠራተኞች ናቸው፣ ዝቅተኛው የደመወዝ ሕግም ይመለከታቸዋል ሲሉ ፈረዱ። በዚያው ዓመት የከንቲባ ጁሊያኒ አስተዳደር የማኅበሩን ውል አላድስም አለ። ቢደርማን ከግራንድ ሴንትራል ለቀቁ፤ ማኅበሩም በአዲስ አመራር ቀጠለ።

ከዚህ የምንረዳው ማኅበሩ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢኖረው የመሰብሰብ ሥልጣኑን የተዋሰው ከማዘጋጃ ቤቱ መሆኑን ነው። የግል ኩባንያ መስሎት የሚንቀሳቀስ ቦርድ ውሉ የሚያልቅበትን ቀን ረስቷል ማለት ነው።

ቢሮው ባዶ ሲሆን

ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ የሰሜን አሜሪካ መሀል ከተሞች አዲስ ፈተና ገጥሟቸዋል። የቢሮ ሠራተኛው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ መምጣት ሲጀምር ምሳ ቤቱ፣ ልብስ ንጽሕና መስጫውና ጫማ አዳሹ ገበያቸው ደረቀ። እዚህ ላይ የመዋጮው ስሌት የማይናቅ ልዩነት ያመጣል። መዋጮው በግምት ዋጋ ላይ ሲመሠረት የትልልቆቹ ቢሮ ሕንፃዎች ዋጋ በወደቀ ቁጥር፣ ባጀቱ ባለበት ከጸና፣ ሸክሙ ዋጋቸው ወዳልወደቀ አነስተኛ ሕንፃዎች ይንሸራተታል። በካሬ ጫማ ስፋት ሲሆን ግን፣ ከ1997 ጀምሮ እንዳለው የዋሽንግተን መሀል ከተማ ማኅበር፣ ሕንፃው ባዶም ይሁን ሙሉ የሚከፍለው ያው ነው። በስፋት የሚከፍል ባለንብረት ወለሉ ባዶ ሆኖ ሲከፍል ያማርራል፤ በዋጋ በሚከፈልበት ቀጣና ደግሞ የሚያማርረው መንገድ ዳር ያለው ባለሱቅ ነው።

በእንዲህ ያለ ቀጣና ሱቅ ሊከራይ የሚያስብ ነጋዴ ውሉ ላይ “ግብርና ልዩ ልዩ ክፍያዎች” የሚል ሐረግ ካየ ከመፈረሙ በፊት ያለፉትን ሦስት ዓመታት የመዋጮ ደረሰኝ ከአከራዩ ይጠይቅ፤ ከማኅበሩ ጽሕፈት ቤትም ተከራይ በቦርዱ ስንት መቀመጫ እንዳለው ይጠይቅ።